ሲፈልጉ ያዞሩታል

ለምወደው፣ ለምናፍቀው፣ አንዳንዴም ጆሮውን ልቆንጥጠው ልቆንጥጠው ለሚለኝ ታናሽ ወንድሜ ይድረስ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን ብርዱ እንዴት አደረገው? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንፋሎት ደረትህን አላፈነህም? ላብህ ሳይደርቅ ብርድ ውስጥ አትውጣ ብዬ ስንቴ ልንገርህ? ያ ሲያንኮራፋ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል ያልከኝ የክፍል ጓደኛህስ ደህና ነው? ሰላም በልልኝ። በጎኑ ይተኛ በለው፤ የእኔም ባል እንደዚያ ሲተኛ ነው ትንሽ እፎይ የምለው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ጠዋት ተነስተን ሥራ እንሄዳለን ማለቴ ነው። ድካሜን ካልቆጠርከው ጤነኛ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ሁለት መልእክት ተሸክሜ ነው። አንዱ የኮሚቴው ነው፤ አዎ፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ እሱንም እነግርሃለሁ። ሌላው የአባዬ ነው። ኮሚቴው ግጥም ጻፍልን ይልሃል። አባዬ የሚልህን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነግርህ። መሃሉን ሳትሰማ ብነግርህ እንደ ልማድህ ቱግ ትልና ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ። ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ። አውቅሃለሁ፣ የእናቴ ልጅ አይደለህ!

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ታውቀዋለህ፣ ግን አንተ ርቀህ የምታስታውሰውና እኛ እዚሁ ቁጭ ብለን ያየነው አንድ ላይሆን ይችላል። አባዬ አውቶቡሱን በሆስፒታሉ ቁልቁለት ያወረደ ዕለት አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ፣ እኔ ደግሞ ድንጋይ ሥራ ቤቱ ግቢ ውስጥ መሮዬን ይዤ የአንድ ሟች ስም እጠርብ ነበር። ፍሬኑ እምቢ ሲለው አውቶቡሱን ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ ጋር እያፋተገ፣ እያፋተገ ወስዶ አንድ የግንባታ ቦታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ቀበረው። ተሳፋሪው በሙሉ አቧራውን አራግፎ በእግሩ ቤቱ ገባ። የአባዬ ግራ እግር ብቻ ከመሪው ሥር ተጨፍልቆ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ያለ ክራንች አይቆምም። አንተም በዚያው ሰሞን ያንን ግጥም ጻፍክ፦

መንገዱ ቢከዳ፣ ፍሬኑ ቢላላ፣
የሱ ክንድ ሆነልን የሁሉ ከለላ።

ምን ይደረግ፣ ግጥሙ ጥሩ ነበር! ከተማው ወዲያው በቃሉ ያዘው። ትኬት ቆራጯ፣ ያቺ ድምፀ ጎርናናዋ፣ ዜማ አውጥታለት መልስ እየሰጠች ታንጎራጉረው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ የአባዬን ፎቶ ከመስታወቱ አናት ላይ ሰቀለ። የቋንቋ መምህርህ ክፍል ፊት አቁሞ አስነበበህና አለቀሰ። ማዘጋጃ ቤቱም ግጥሙን ድንጋይ ላይ አስጠርቦ መናኸሪያው ግድግዳ ውስጥ አስገነባው። ጠራቢዋ እኔ ነኝ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። አባዬ በክራንቹ መንገድ ሲወጣ ሰው ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ያሳልፈው ነበር። እሱ ግን ያኔም አልተመቸውም። ሰላምታው በዛብኝ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ዳቦው ይደርቃል ይል ነበር።

ከዚያ ወሬው መጣ። የጋራዡ ኃላፊ፣ ሾፌሩ ፍሬኑ እንደላላ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፣ እያወቀ ነው ይዞት የወጣው ብሎ አስወራ። በቃ፣ አለቀ። እስቲ እሱን ራሱን እንጠይቀው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሌላ ግጥም ለመግጠም እንኳ አልደከሙም፤ ያንተኑ ወስደው ጥቂት ቃል ለወጡና መልሰው ወረወሩበት፦

መንገዱ ሳይከዳ፣ ፍሬኑ ሲላላ፣
እያወቀ ነዳው ሰውን ሊያስበላ።

ዜማው ያው የትኬት ቆራጯ ዜማ ነው። የሰፈር ልጆች ከክራንቹ ኋላ እየተከተሉ ሲሉት እሷም መስኮቷን ከፍታ ትስቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ፎቶውን አውርዶ በዚያው ሚስማር የሻምፖ ማስታወቂያ ሰቀለበት። አባዬ ሊቆረጥ ሲሄድ ወረፋው ሞልቷል ይለዋል፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እያየው! ከዚያ ወዲህ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ይረዝምብኛል። እሱም ባርኔጣውን ይደፋበታል።

ድንጋዩም ይፋቅ ተባለ። ማመልከቻው ላይ መጀመሪያ የፈረመው መድኃኒት ቤቱ ያለው ሰውዬ ነው። በቦታው የሚጻፈውን የገጠመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ያው መምህርህ፦

አደራ የያዘ አደራ ይጠብቅ፣
በሰው ነፍስ አይቀልድ፣ ከማሽከርከር ይራቅ።

እኔ ያኔ ትንሿን ወልጄ ተኝቼ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ይደርሳል እንኳን አንቺ አልሆንሽ ብለው ሥራውን ራሳቸው ያዙት። ጋሽ ይደርሳል የተባሉት ደንበኛ ሁሉ ሥራዬስ ሲላቸው "ይደርሳል" ከማለት በቀር ሌላ መልስ ስለሌላቸው ነው፣ ረስተህ ከሆነ። ይህችኛዋን ግን ሳይታሰብ ቶሎ አደረሷት። አባዬ አዲሱን ግጥም መናኸሪያው ሄዶ ቆሞ አነበበው። ተመልሶ መጥቶ፣ ጽሑፉ ቀጥ አላለም፣ ያንቺ ይሻላል አለኝ።

አሁን አትቆጣኝና የአንተንም ልናገር። አንተም አንድ ቀን መጥተህ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመህ፣ አውቀህ ነው የወጣኸው ብለህ ጠየቅኸው። በሩ ላይ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። አባዬ አየህና ዝም አለ። አንተ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠርከው። ግጥም ሁለተኛ አልጽፍም ብለህ ሻንጣህን አነሳህ፤ ይኸው ሄድክ። ሰው ፊቱን አዞረበት እያልን ስናማ፣ ወንድሜ፣ አንተም ሰው ነበርክ እኮ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህ የሚመጣው በእኔ ስም ነው። አባዬን ሰላም በይልኝ ትላለህ፣ ከፊርማህ በላይ፣ ለጎረቤት እንደሚባለው። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር አባዬ መነጽሩን ያጠልቅና ለእኔስ ምን አለ ይለኛል። እኔም ከራሴ እጨምርለታለሁ። እግሩ እንዴት ነው ብሏል፣ መድኃኒቱን እንዳይረሳ ብሏል፣ እላለሁ። ደህና፣ ደህና ይላል። መጨመሬን ያውቃል።

እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይቻለሁ። የድንጋይ ሥራ ቤታችን ግቢ ጥግ የተከመረውን ብታይ ትገረማለህ። ያ የፍጹም ቅጣት ምት ያዳነው ግብ ጠባቂ ትዝ ይልሃል? ደጋፊዎቹ እጁን ከብረት፣ ዓይኑን ከንስር እያወዳደሩ ረጅም ግጥም አስጠርበውለት ነበር። ሥራው ሊያልቅ አንድ ስንኝ ሲቀረው ለተቀናቃኙ ቡድን ፈረመ፤ ደጋፊዎቹም ድንጋያቸውን ሳይወስዱ ቀሩ። አሁን በጀርባው አጋድመነው ሻይ እንጠጣበታለን። ብርጭቆዬን የማስቀምጠው "ንስር" የሚለው ቃል ላይ ነው። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ የኖረ አንድ መካኒክ በቅርቡ ጡረታ ወጣ። የከተማው ሬዲዮ ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጠይቀው፣ ማንም ሳይገፋው ያንን ጠዋት አነሳ። ለፍሬኑ የሚያስፈልገው ዕቃ ሳይገዛ እንደቀረ፣ ይህንንም ለሾፌሩ በጆሮው የነገረው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናገረ። አባዬ አልወጣም ብሎ ከኃላፊው ጋር ተከራከረ፤ ኃላፊውም ወይ ንዳ ወይ ቁልፉን አስረክብ አለው። ደግሞ ያንን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው የሚጠብቁት የሆስፒታሉ ተረኞች ነበሩ። አባዬ ቁልፉን ቢያስረክብ ኃላፊው ለሌላ፣ ለማያውቅ ሾፌር ሊሰጠው ሆነ። ስለዚህ ራሱ ይዞት ወጣ፣ ቁልቁለቱንም በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ወረደው። እንደዚያ ባይወርድ ኖሮ ግንቡም አሸዋውም አያቆሙትም ነበር አለ መካኒኩ። ታዲያ ሾፌሩ ይህን ሁሉ ለምን አልተናገረም ብትለው ጋዜጠኛዋ፣ ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ፣ ስሜን እንዳታነሳብኝ ብዬ ለምኜው ነበር አለና አለቀሰ።

አየህ? ያውቅ ነበር። ወሬው ውሸት አልነበረም፣ ግማሽ ነበር። ግጥምህም ውሸት አልነበረም፣ እሱም ግማሽ ነበር። አባዬ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ የሰው እንጀራ አልዘጋም ብሎ አፉን ይዞ ኖሯል፣ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ። እኔ ልጁ፣ ፀጉሩን የምቆርጠው፣ አልነገረኝም። ሬዲዮኑን ስሰማ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሱ ግን ተነስቶ ዘጋው፤ ምነው አባዬ ብለው፣ ያ ሰውዬ ደህና ይመስላል፣ ድምፁ ግን አርጅቷል አለኝ።

በማግስቱ በራችን ላይ ያለውን ሰው ብታይ! ፀጉር አስተካካዩ መቀሱንና ነጭ ጨርቁን ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ፣ በነጻ ልቆርጥዎት ብሎ። አባዬም አሁንማ ምን ፀጉር አለኝ አለው። ፎቶውም ተመልሷል፤ በትልቁ ታጥቦ፣ በወርቃማ ክፈፍ። ሻምፖው ወደ በሩ ተዛወረ። ትኬት ቆራጯ እግሩ ላይ ወድቃ እየተንሰቀሰቀች ጉልበቱን ሳመች። የታመመውን ጉልበት ነበርና የያዘችው፣ አባዬ ፊቱን እያጨማደደ ተነሺ ልጄ፣ ወለሉ ይበርዳል ይላታል። መምህርህ በሬዲዮ ቀርቦ ግጥምህን አነበበና ገጣሚው ተማሪዬ ነው አለ፣ አፉን ሞልቶ! የራሱንስ ግጥም? እሱን የጠየቀው የለም።

ኮሚቴውም ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መድኃኒት ቤቱ ያለው ሰውዬ። መጥተው የመምህሩ ግጥም ተፍቆ የወንድምሽ ይመለስ አሉኝ። አስረዳኋቸው፤ አንድ ጽሑፍ ሲፋቅ ድንጋዩ ጥልቁ ፊደል እስኪጠፋ ድረስ ነው ዝቅ የሚለው፣ አንዴ ተፍቋል፣ አሁን ሲደገም ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ሌላ ድንጋይ ይሻላል አልኩ። አይሆንም፣ ታሪክ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው አሉ። ጋሽ ይደርሳልን እስቲ እርስዎ ይንገሯቸው ብዬ ባያቸው ወደ ጣራው እያዩ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ድንጋዩን ለማውጣት መናኸሪያው ሄድን። ሕዝቡ ግጥም ብሏል፤ አውቶቡስ መግቢያ አጥቷል። ሁለት ጎልማሶች በዲጂኖ ጠርዙን ፈልቅቀው ድንጋዩን ከግድግዳው አላቀቁት። ጋሽ ይደርሳል ከኋላዬ ቆመው ላባቸው ችፍ ብሏል፤ አሟቸው መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ መሬት ላይ ተጋደመ፣ ከግድግዳው ወገን የነበረው ፊቱ ወደ ላይ ሆነ። ሲሚንቶውን በእጄ ጠረግሁት። ወንድሜ፣ ግጥምህ አለ! ምንም ሳይነካው። የእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ "ከለላ" ላይ መሮዬ ያንሸራተተኝ ጭረት ሳትቀር።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ፣ እኛ ስንክደው ድንጋዩ አልካደውም ብሎ ጮኸ። ዕልልታው ቀለጠ። ሰብሳቢው የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ሕዝቡ በልቡ እንደያዘው ድንጋዩም በሆዱ ይዞት ኖሯል ብሎ ንግግር አደረገ። ሬዲዮው ተዓምር አለው። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው አበባ ይዞ እየመጣ ፊደሎቹን ይዳብሳል። ፊደሎቹ ከበፊቱ ጠልቀዋል የሚሉም አሉ። እኔ የጠረብኩት ጥልቀት ነው፤ ለእነሱ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው?

በዚያው ሰኞ ሥራ ገብቼ ጋሽ ይደርሳልን አፋጠጥኳቸው። ግብ ጠባቂው ላይ ሻያቸውን አስቀምጠው እየተቅለሰለሱ ነገሩኝ። የመፋቂያው ማሽን ዲስክ አልቆባቸው ነበር፣ ወገባቸውንም አሟቸው ነበር፣ የድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ከጥንቱም ልስልስ ነበር። ገለበጡትና በጀርባው ጻፉበት። ግድግዳ ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል ብለው። ተዓምሩ ይኸው ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ሲዘል ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ እንደዚያ እየዘለለ ማን ይሰማኛል አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ መሰለህ! እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ክራንቹ ከጭኑ ላይ ወደቀ። ታዲያ አሁን ምን ቸገራቸው፣ በአንዱ ፊት ምስጋናው፣ በሌላው ፊት ዘለፋው፣ ሲፈልጉ ያዞሩታል አለኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ደግፌ አስተኛሁት። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም፤ ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎናል። ድሮ ከበረንዳው ላይ አውቶቡሶቹ ሲያልፉ የማርሻቸውን ድምፅ እየሰማ ሾፌሮቹን ያማ ነበር፤ አሁን እስከ በረንዳው መሄዱም ቀርቷል። ምርቃቱ ሳያልፍብን ይደረግ እያለ ኮሚቴው የሚጣደፈው ለዚያ ነው። ሳያልፍብን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል።

የኮሚቴው መልእክት እንግዲህ ይህ ነው። ከግጥምህ ሥር ባዶ ቦታ ስላለ ሁለት ስንኝ እንድትጨምርበት ይፈልጋሉ። ምን እንዲል እንደሚፈልጉም ነግረውኛል፤ ሕዝቡ ለአንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረህም እንዲል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ውሃው ትን አለው። እኔ ግን መናደዱም ደከመኝ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ትንሿን ስወልድ፣ አባዬን በዚያ ዜማ በምትዘልፍበት ሰሞን፣ ትኬት ቆራጯ ሾርባ ይዛልኝ መጥታለች። ፀጉር አስተካካዩ የባለቤቴን እናት በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ቀብሯል። አሁን ሲያለቅሱም እንባቸው የእውነት ነው። ያኔ ሲዘልፉትም የእውነት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከልባቸው ነው። እኔን ያደከመኝ ይኸው ነው።

ትንሿ ግጥሙን ትምህርት ቤት አስጠንተዋት መጣች። መምህራኑ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ፤ እሷ ግን ገና አልገባትም። አባዬ አልጋ አጠገብ ቆማ እጇን እያወናጨፈች አነበነበችለት። ስትጨርስ አያቴ፣ ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ አለችው። ትንሽ ትንሽ አላት። ጎበዝ ነው ወይ ስትለው፣ ሾፌር ነው አለና ከረሜላ ሰጣት። እኔ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ፣ አልዋሽህም።

አሁን የአባዬን መልእክት ስማ። ትናንት ከሰዓት የኮሚቴው ሰዎች ደብዳቤው ተጻፈ ወይ ብለው መጥተው ከሄዱ በኋላ ጠራኝ። ለወንድምሽ ልትጽፊለት ነው አለኝ። አዎ አልኩት። ግጥሙ ይቅር በይው አለ። ግጥም አንዴ ከወጣ የሁሉም ነው፣ ማንም እንዳሰኘው ያዞረዋል፣ እኔ የሁሉም የሆነ ነገር በቅቶኛል አለ። ደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ በእኔ ስም። የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ አለቃው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጻፍልኝ። ከዚያ ደግሞ ያን ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆሞ የጠየቀኝን መልሶ ይጠይቀኝ። ያኔ የሰው አደራ አፌን ይዞት ነበር፣ አሁን እመልስለታለሁ አለኝ። እኔም፣ አባዬ፣ ሬዲዮ የተናገረውን ጽፌለታለሁ እኮ፣ መልሱን ያውቀዋል አልኩት። ሬዲዮ የመለሰው ለሬዲዮ ነው፤ ልጄ የጠየቀው እኔን ነው አለ።

ከዚያ ፖስታ አምጪልኝ አለኝ። እዚህ ውስጥ ታጥፎ የምታገኘው ባዶ ፖስታ እሱ ነው። ስሙንና የቤታችንን አድራሻ በራሱ እጅ ጽፎበታል፤ ጊዜ ፈጅቶበታል፣ ልጻፍልህ ብለው እምቢ አለኝ። ቴምብርም ለጥፊበት አለ። የእኛ ቴምብር እዚያ አገር አይሠራም ብዬ ነገርኩት። ግድ የለም ለጥፊው፣ ወጪ አሳስቦት እንዳይቀር አለኝ። ለጠፍኩት። የኮሚቴውን ነገር እንደፈቀድክ አድርግ፤ ራሳቸው ቢጽፉትም የሚጠርበው እጅ የእኔ ነው፣ ይደርሳል እላቸዋለሁ። ይህን ፖስታ ግን አደራህን። በሞቴ፣ ቶሎ።

ባለቤቴ እንደምን ነህ ይልሃል፤ ጫማህ ካለቀ የእግርህን ልክ በወረቀት አስምረህ ላክ፣ ሰፍቼ እልክልሃለሁ ብሏል። ትንሿ አጎቴ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ፈርቶ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። ጋሽ ይደርሳል ሰላምታቸው ይድረስህ፤ የድንጋዩን ነገር ለማንም እንዳትናገር ብለዋል፣ ለአንተ መጻፌን ግን ያውቃሉ። ትኬት ቆራጯ እያለቀሰች ሰላም በይልኝ ብላለች። ፀጉር አስተካካዩ ስትመጣ ወረፋ የለብህም ይልሃል።

የአባዬን ሰላምታ አልጽፍልህም። እሱን ከራሱ ትሰማለህ።

እህትህ
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን